የኦሪን ሃያ ጥይቶች

ባሌ ኦሪን ከሞተ ዓመት አልፎታል። የአጋዘን አደን ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የቤታችን ጋራዥ ውስጥ አንዲት ጥይት ጉልበቶቼ መሀል ሸጉጬ ጫፏን በጉጠት ስጎትት ሮስኮ ገባ። ሮስኮ ጎረቤታችን ነው። ከኦሪን ጋር አርባ ዓመት አብረው አድነዋል፤ ስላደኑትም አብረው ዋሽተዋል። በር ማንኳኳት የሚባል ነገር አያውቅም።

"የጌታ ያለህ! ቬልማ፣ አስቀምጪው!"

"ደህና ዋልሽ አይባልም?"

"አስቀምጪው አልኩሽ! ጉጠቱንም ጥይቱንም። ቀስ ብለሽ። ጭራሽ ጉልበትሽ መሀል? መሞት ካማረሽ ቤቴ መጥተሽ እኔ የሠራሁትን ሾርባ ብትጠጪ ይሻልሻል።"

አስቀመጥኩት።  ኮፍያውን አውልቆ በርጩማ ሳበና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከጥይቶቹ ሳጥን ክዳን ላይ ያለችውን ነጭ ወረቀት ሲያነብ ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። የማን ጽሕፈት እንደሆነ ለመለየት መነጽር አላስፈለገውም።

እኛ ሸለቆ ውስጥ ደህና አዳኝ ከሱቅ የተገዛ ጥይት ይዞ አይወጣም። የሚከለክል ሕግ ኖሮ አይደለም፤ ያሳፍራል እንጂ። እያንዳንዱ ሰው የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ ይለቅማል፣ ያጥባል፣ እሳት የምትጭረውን መለኮሻ ከታች ይተክላል፣ ባሩዱን መዝኖ ይሞላል፣ የሚወረወረውን ጫፍ፣ አረሩን፣ ከላይ ይገጥማል። የኔን የሚሞላልኝ ኦሪን ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየነሐሴው፣ ሃያ ጥይት። ክዳኑ ላይ የባሩዱን ዓይነት፣ ልኩንና ቀኑን ይጽፋል። ከሥር ደግሞ በትንንሽ ፊደል ለኔ አንድ ነገር ያክላል። አንዱ ዓመት "ቬልማ፣ አትቸኩዪ" ይላል። አንዱ ዓመት "ቬልማ፣ ሳንድዊቹን አንቺ ያዢ" ይላል። የመጨረሻው ሳጥን ላይ የጻፈው "ቬልማ፣ ጉብታው ላይ ጠብቂኝ" የሚል ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው የአደን ወቅት ሕመሙ ጀማምሮት ስለነበር ከኋላዬ ቀስ እያለ ነበር የሚወጣው። ጉብታው ላይ ያለችው የተቃጠለች ጥድ ሥር ቁጭ ብዬ ስጠብቀው፣ እየሳለ ሲመጣ ከሩቁ እሰማዋለሁ። እዚያ ጉብታ ላይ እሱን መጠበቅ በሕይወቴ ከሠራሁት ነገር ሁሉ ደስ የሚለኝ ነበር። አምና አልወጣሁም። ዘንድሮ ልወጣ አስቤ ነበር፤ በሱ ጥይት፣ አንዲት ብቻ ተኩሼ፣ አሥራ ዘጠኙን እስክሞት ላስቀምጣቸው።

"ንገሪኝ" አለ ሮስኮ። "ይቺን ሳጥን እንደ ዓይንሽ ብሌን ነው የምትጠብቂያት። አምና ልያት ብልሽ እጄን ልትቆርጪ ነበር። ዛሬ ምን ቆጥቁጦሽ ነው በጉጠት የምትዘነጥያት?"

"ሊኔት ደወለች።"

ሊኔት የልጄ ልጅ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ቢሊንግስ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ትናንት ደውላ፣ "አያቴ፣ ቅዳሜ ካንቺ ጋር ነው የምወጣው። አባባ ኦሪን የሞላውን ጥይት ነው የምተኩሰው፣ እንዳትሰስቺ!" አለችኝ። ያው የኔው ዓይነት ናፍቆት ነው፤ ልጅቷን ያሳደጋት እሱ ነው። "እሺ" አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

"ታዲያ ለሊኔት ነው የሰሰትሽው?" አለ።

"አይደለም።"

"እና?"

ዓመት ሙሉ የደበቅኩት ነገር ነበር። ኦሪን ይህን ሳጥን በሞላ ማግስት ነው ሆስፒታል የገባው፤ በሁለተኛው ሳምንት፣ መስከረም ላይ፣ አረፈ። የቀብሩ ዕለት ጠዋት የጫማ ቀለም ፍለጋ ጋራዥ ስገባ፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የባሩድ ጣሳ ተከፍቶ አየሁ። ሁለት። ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው "ታዲያ ምን ይጠበስ?" ይላል። የሚያውቅ ግን ከበሩ ላይ ይመለሳል። ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ጣሳ ብቻ ነው የሚቀመጠው። አንዱ ባሩድ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ሌላው ቶሎ፤ ተሳስቶ የተሞላ ጥይት ጠብመንጃውን ከነተኳሹ ፊት ይበትነዋል። ኦሪን ለዚህ ነገር ምሕረት አልነበረውም። ሁለት ጣሳ ያወጣ ሰው ካየ፣ የሸለቆው ሰባኪም ቢሆን፣ "ሂድ ቤትህ ግባ" ይለዋል።

እና ያ ሰው ነው ሁለት ጣሳ ከፍቶ የተወው። አሳዘነኝ፣ ከዚያም በላይ አፈርኩለት። ለቀስተኛው ከመምጣቱ በፊት ዓይኔ በእንባ እንደተሞላ ሁለቱንም ከድኜ መደርደሪያው ላይ ሰቀልኳቸው። ባሌን "እርጅና አጃጅሎት ነበር" እንዲሉብኝ አልፈለግኩም።

ይህን ሁሉ ለሮስኮ ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። 

"ለራስሽ ልትተኩሻቸው ነበር?" አለ።

"ለራሴ አዎ። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ምን እሆናለሁ? ሊኔት ግን..."

"አንቺ ሴትዮ" አለ፣ "ሌላ ቀን እንዲህ ስትዪ ብሰማ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ለኦሪን ስል በጥፊ ነው የምመታሽ።" ከዚያ አፍንጫውን በመሀረቡ አበሰ። "ሃያውም ይፈታሉ።"

"አንዷን ብቻ ፈትተን ባሩዱን ብናየውስ?"

"አንዷ ስለ አንዷ ነው የምትነግርሽ። አሥራ ዘጠኙስ? ደግሞ ባሩድ በዓይን አይለይም። እለያለሁ የሚልሽ ካለ ጣቶቹን ቁጠሪለት።"

እዚህ ላይ አለቀስኩ። በግልጽ ነው የምናገረው፤ ሃያ ጥይት ሊፈታ ነው ብዬ አለቀስኩ። እነዚያን አረሮች አንድ በአንድ የገጠመው የሱ እጅ ነው፣ ወደፊት የሚገጥምልኝ የለም። ልብሱን ሰጥቻለሁ፣ መኪናውን ሸጫለሁ፣ የጢም ምላጩን እንኳ ጥያለሁ። የሠራልኝ ሆኖ ሳይነካ የቀረኝ ይኸው ሳጥን ብቻ ነበር።

ሮስኮ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ "በይ፣ በምን እንደምንፈታቸው እንነጋገር" አለ፤ እኔን ከማባበል ስለ ዕቃ ማውራት ስለሚቀለው ነው።

"ጉጠት እርሺው። ጉጠት አረሩን ያጣምማል፣ ቀለሁን ይቧጭራል፣ አንሸራትቶሽ መለኮሻዋን ከመታሽ ደግሞ አበቃ። ደህና መንቀያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጠረጴዛው ላይ ባለው ባለእጀታ የጥይት መሙያ ፕሬስ አናት ላይ ይጠመዳል፤ አረሩን አንገቱን ጨብጦ ይይዘዋል፣ አንቺ እጀታውን ስትስቢ ቀለሁ ወደ ታች ይወርዳል። ጸጥ ያለ ነው፣ ባሩድ አይደፋም፣ ለብዙ ጥይት እሱ ነው ጥሩ።"

"እሱን አምጣዋ።"

"የኔ ጨባጭ ለወፍራም አረር ነው፤ ያንቺ ቀጭን ናት፣ ትሾልካለች። በልኩ ያልሆነ ጨባጭ ይዞ መታገል ጉጠቱን መመለስ ነው። እና የቀረን መዶሻው ነው። የኦሪን የት አለ?"

የኦሪን የፕላስቲክ መዶሻ ከጠረጴዛው ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ ወጣ። ጭንቅላቱ ባዶ ነው። ጥይቷ ቂጧ ላይ በመያዣ ታስራ አፍንጫዋን ወደ ውስጥ ትሰቀላለች። ሲመታ መዶሻው ይቆማል፣ አረሩ ግን መሄዱን አያቆምም፤ ሁለት ሦስቴ ሲመታ ከቀለሁ ተላቆ ከነባሩዱ መዶሻው ሆድ ውስጥ ይወድቃል። ሮስኮ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደና አገላብጦ አየው። ከጭንቅላቱ እስከ አንገቱ የተሰነጠቀ ነበር፤ ስንጥቁ ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠምጥሟል።

"ይገርማል" አለ። "ካቻምና... አይ፣ አምና ሐምሌ ላይ ተውሼው መልሻለሁ። ደህና ነበር፤ ምንም አልነበረውም።"

"አንተ ሰብረኸው ይሆናል።"

"እኔ ሰብሬ ብመልስ ኦሪን ዝም የሚለኝ ይመስልሻል? በጋዜጣ ነበር የሚያወጣብኝ!" መዶሻውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። "በተሰነጠቀ አይመታም። ከተማ ደርሼ አዲስ ገዝቼ እመጣለሁ። ጉጠቱን ይዤው ነው የምሄደው፤ አላምንሽም።"

እሱ እስኪመለስ ብቻዬን ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ ወፍ ቤቱ አሰብኩ። ይሄን ለሮስኮ አልነገርኩትም፤ የሚያመኝ ይሄ ስለሆነ ነው።

ያኔ ነሐሴ ላይ፣ ኦሪን ሆስፒታል ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እኔ ኩሽና ውስጥ ከእህቴ ጋር በስልክ ሳወራ ከጋራዥ የመቀጥቀጥ ድምፅ ይመጣ ጀመር። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ዝም ይላል። እንደገና ጧ፣ ጧ፣ ጧ። አንድ ሰዓት ሙሉ። በመጨረሻ ስልኩን በእጄ ሸፍኜ፣ "ኦሪን! ምንድን ነው የምትቀጠቅጠው? አላስወራኝ አልክ እኮ!" ብዬ ጮህኩበት። "የወፍ ቤት እየሠራሁልሽ ነው!" አለኝ። ደስ አለኝ። ለኩሽናው መስኮት የወፍ ቤት እሠራልሻለሁ ሲለኝ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር። እጄን ከስልኩ አንስቼ ለእህቴ፣ "በመጨረሻ ነቃ" ብዬ ሳቅኩ።

ከቀብሩ በኋላ የወፍ ቤቱን ፈለግኩት። ጋራዥ ውስጥ የለም፣ ዕቃ ቤት የለም፣ መኪናው ውስጥ የለም። የተቆረጠ ጣውላ፣ የተጣለ ሚስማር እንኳ አላገኘሁም። ያልተጨረሰም ቢሆን፣ አንድ ግድግዳ ብቻም ቢሆን ይበቃኝ ነበር። ያልተሠራ ነገር ሠራሁ ብሎ አእምሮው እየቃዠ ነበር ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከሁለቱ ጣሳዎች ጋር ሳገናኘው ባሌ ከመሞቱ በፊት ጥሎኝ የሄደ መሰለኝ። ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ያ መስኮት ጋ ስቆም የሌለውን የወፍ ቤት እፈልጋለሁ።

ሮስኮ አዲሱን መዶሻ ይዞ ተመለሰ። በትከሻው ደግሞ የጥድ ጉማጅ ተሸክሟል፤ አስቀምጦት ወገቡን ይዞ ትንሽ አቃሰተ።

"ይህ ለምንድን ነው? መሬቱ አለልህ አይደል?" አልኩት፣ ወለሉን እያሳየሁት።

"ኮንክሪት ላይ የሚመታ ነው መዶሻው የሚሰነጠቅበት። ብረት ላይም አይሆንም። እንጨት ነው፣ ያውም አግድም የተቆረጠ፣ እንዲህ ቀለበቱን በሚያሳይሽ በኩል። በይ መነጽር አድርጊ።"

"መነጽር አድርጌያለሁ።"

"እሱ ማንበቢያ ነው። ይሄን።" ፊቴን ግማሽ የሚሸፍን የሥራ መነጽር ሰጠኝ። ሲጋራውን ከኪሱ አውጥቶ ውጭ ወስዶ መኪናው ውስጥ አስቀመጠ። ሁለት ሳህን ደረደረ፤ አንዱ ለባሩድ፣ አንዱ ለአረር። "አንድ በአንድ ነው። ቂጧን ከመዶሻው ጋር በመጣው መያዣ ብቻ ነው የምትይዢው፣ ሌላ የተገኘ ነገር አትጠቀሚም። ፊትሽን ከላይዋ አታድርጊ። ትንንሾቹ ጥይቶች፣ መለኮሻቸው ጠርዛቸው ላይ ያለው፣ እነሱ በዚህ በጭራሽ አይፈቱም። ሲመቱ ይፈነዳሉ። አደንሽ ጥንቸል ቢሆን ኖሮ ጥይትሽ ከነዚያ ስለሚሆን አንፈታውም ነበር።"

"ስብከቱ አለቀ?"

"አላለቀም። ከአንቺ ዕቃ በፊት የራሴን ነው የምሞክረው። አዲስ ዕቃ በሰው ንብረት አይሞከርም።"

ከኪሱ የራሱን ጥይት አውጥቶ መዶሻው ላይ አሰረና ጉማጁን መታው። ጧ። ጧ። ጧ። አረሩ ወለቀ።

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

"ምን ሆንሽ?" አለ።

"እንደገና ምታ።"

"ወልቋል እኮ።"

"እንደገና ምታ አልኩህ፣ ሮስኮ!"

ባዶውን መታው። ጧ። ጧ። ጧ። ዝም አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ኩሽና ውስጥ ቆምኩ፤ ስልኩ በጆሮዬ ነው፣ እህቴ ታወራለች፣ በሩ ገርበብ ብሏል። የወፍ ቤቱ ድምፅ ነበር። ሚስማር ሲመታ እንዲህ ሦስት ሦስት እየቆጠረ አያርፍም። ባሌ ያን ቀን ሚስማር አልመታም።

ነገርኩት። ሮስኮ እያዳመጠ የራሱን የተፈታ አረር በጣቶቹ ያገላብጥ ነበር። ጫፉ መዶሻው ሆድ ውስጥ ሲወድቅ ትንሽ ደፍጠጥ ብሏል። ከዚያ የኦሪንን ሳጥን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየ። የሃያውም አረሮች ጫፍ ደፍጠጥ ያለ ነበር። እኔ ሳጥኑን ጥሎት ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው።

"ፈትቷቸዋል" አለ ቀስ ብሎ። "አንድ ጊዜ ሞልቷቸው፣ መሳሳቱን አውቆ፣ ሃያውንም ፈትቶ፣ እንደገና ሞልቷቸዋል። ጉማጅ መሸከም ስላልቻለ ኮንክሪቱ ላይ ነው የመታው። መዶሻው የተሰነጠቀው ያኔ ነው። ጣሳዎቹ የትኞቹ ናቸው?"

መደርደሪያውን አሳየሁት። አንዱን አወረደና ዙሪያውን አየው፤ ምንም የለበትም። ሁለተኛውን አዞረው። ከጀርባው፣ እኔ ስሰቅለው ወደ ግድግዳው ባዞርኩት በኩል፣ የፕላስተር ቁራጭ ተለጥፏል። በኦሪን ጽሕፈት "ተደባልቋል። ለሣር።" ይላል። ከፈታቸው ጥይቶች የወጣውን ባሩድ የከተተበት ነው። የማይታወቅ ባሩድ እኛ ዘንድ ሣር ላይ ነው የሚበተነው፣ ስስ አድርጎ፤ ሣሩ ይወደዋል።

ጽሕፈቱ ጠማማ ነበር። እጁ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ከፊደሎቹ ይታያል። ያንን ይዞ ነው አንድ ሰዓት ኮንክሪት ላይ ጎንበስ ብሎ የቀጠቀጠው። እኔ በሩ ማዶ ነበርኩ፣ ስለ እህቴ የጥርስ ሐኪም እየሰማሁ። አንድ ጊዜ፣ "ቬልማ፣ ተሳስቻለሁ፣ ነይ ያዢልኝ" ቢለኝ ኖሮ! ስልኩን ወርውሬው እሄድ ነበር። አፈረ። እኔም አፈርኩለት። አንድ ቤት ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ኖረን መጨረሻ ላይ አንዱን ነገር ከሁለት ወገን ደበቅነው።

"እንግዲህ" አለ ሮስኮ ጣሳውን መልሶ፣ "ካወቅሽው ምን ትያለሽ? አርሞታል። ልትተያቸው ትችያለሽ። ሳጥንሽን ይዘሽ ግቢ፣ ለሊኔት ከኔ እሰጣታለሁ።"

ፈተነኝ ወይስ አዘነልኝ፣ አላውቅም። ሳጥኑ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ልተዋቸው ፈልጌ ነበር፤ እንዴት እንደፈለግኩ! ግን ሳጥኑ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ አንድ ቀን አንድ ሰው ይተኩሰዋል። እኔ ስሞት ሊኔት ናት የምታገኘው። ክዳኑ ላይ ያለውን አንብባ፣ አልቅሳ፣ ይዛው ትወጣለች።

"መጀመሪያ የፈታቸው እሱ አይደል?" አልኩ። "ለኔ ሲል ፈራ። እኔ ከሱ የበለጠ ደፋር ልሁን? አምጣ።"

የመጀመሪያዋን ሮስኮ ፈታ፤ ሁለተኛዋን እኔ። ባሩዱን በሚዛን እየመዘነ፣ ክዳኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር እያመሳከረ፣ "ልክ" ይላል። ሦስተኛዋ ልክ። አምስተኛዋ ልክ። እስከ አሥራ ስድስተኛዋ ድረስ አንዷም አልተዛነፈችም። ሮስኮ ራሱን ነቀነቀ። "በዚያ እጅ!" አለ። እኔ ኮራሁ። በልቤም፣ እውነት ለመናገር፣ መናደድ ጀመርኩ፤ የሰውየዬን ሥራ በከንቱ አፈረስኩት ብዬ።

አሥራ ሰባተኛዋን እኔ ነበርኩ የመታኋት። አረሯ በሁለተኛው ምት ወለቀች። ሳህኑ ላይ ገለበጥኳት። አረሯ ብቻ ወደቀች። መዶሻውን አራገፍኩት፣ ቀለሁን ገለበጥኩት፣ በብርሃን አየሁት። ባሩድ የሚባል አልነበረበትም።

ሮስኮ ከበርጩማው ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሁለታችንም ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ባሩድ የሌላት ጥይት ስትተኮስ መለኮሻዋ ብቻዋን አረሯን ገፍታ አፈሙዙ መሀል ትሰነቅራታለች። ተኳሿ "ከሸፈ" ብላ ቀጣይዋን ታጎርሳለች። ቀጣይዋ ስትተኮስ መንገዱ ዝግ ነው፤ ጠብመንጃው ፊቷ ላይ ይፈነዳል።

"እዚህ ላይ ደክሞታል" አለ ሮስኮ። 

ደክሞት ነበር። ጧ ጧ ሲል እኔ የጮህኩበት እዚህ ጋ ይሆን? አንገቱን ቀና አድርጎ "የወፍ ቤት!" ብሎ ሲመልስልኝ ይሆን አንዷን የዘለላት? ይህን ማንም አይነግረኝም፤ እኔም እስክሞት እጠይቃለሁ።

ኩሽና ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሮስኮ "ሂጂ፣ እኔ እቀጥላለሁ" አለኝ።

ሊኔት ናት። "አያቴ! ነገ ከሥራ በጊዜ ነው የምወጣው፤ እንዳትወጪ ጠብቂኝ። ጥይቶቹን አዘጋጀሽልኝ?" ከጋራዥ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል። "ምንድን ነው የምትቀጠቅጡት?"

አፌ ላይ መጣ። የወፍ ቤት፣ ብዬ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ቀላል ነው፣ ማንንም አያስከፋም፣ ልጅቷ ትስቅና ሌላ ወሬ ታመጣለች። ኦሪን ለምን እንደዋሸኝ ያኔ ገባኝ፤ ይቅርም አልኩት።

"የአያትሽን ጥይት እየፈታን ነው" አልኳት። "ተሳስቶ ነበር፣ ሊኔት። አውቆ አረመው። ሲያርመውም አንዷን ሳተ። እጁ ደክሞ ነበር።"

 ነርስ ናት፤ የደከመ እጅ ምን እንደሆነ ታውቃለች። "ለምን አልነገረንም?" አለች፣ ድምፅዋ ተቀይሮ።

"አፍሮ ነው። እኔም ጣሳዎቹን አይቼ ዓመት ሙሉ አልነገርኳችሁም፣ አፍሬ ነው። ስትመጪ ሁሉንም እነግርሻለሁ። ቀለሆቹና አረሮቹ ደህና ናቸው፣ የሱ ናቸው። ሮስኮ እያየሽ አንቺ ራስሽ ትሞያቸዋለሽ፣ እኔ ባሩዱን እመዝንልሻለሁ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣሳ ብቻ ነው የምናስቀምጠው።"

"እሺ አያቴ" አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላም ትንሽ ይዤው ቆየሁ።

ጋራዥ ስመለስ ሮስኮ መዶሻውን አስቀምጦ ኮፍያውን አጥልቋል። አሥራ ስምንተኛዋና አሥራ ዘጠነኛዋ ልክ ነበሩ። ባሩዱን ሁሉ ከኦሪን ጣሳ ጋር አንድ ላይ አድርጎ፣ ሣሩ ላይ ስስ አድርጎ ሊበትነው ይዞት ወጣ። አንዲት ጥይት ሳጥኑ ውስጥ ቀርታለች።

"ሃያኛዋን ላንቺ ተውኩልሽ" አለኝ ከበሩ። "ባሩዷን ስትጨርሺ ታመጪልኛለሽ። መነጽርሽን አትርሺ።"

መነጽሬን አደረግኩ። ጥይቷን ከመያዣዋ ጋር አስሬ ጉማጁ አጠገብ ተንበረከኩ። አንድ መታሁ። ሁለት መታሁ። ሦስተኛውን ከመምታቴ በፊት ቆም አልኩና በሩን አየሁ፤ ገርበብ ብሎ ነበር፣ እንደዚያን ቀን። ከኩሽና ማዶ ሆኖ ምን እየቀጠቀጥኩ እንደሆነ ጮሆ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።